ግራር አምባ የከተብኋቸው ልጆች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋቢ አልብሰው፣ በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት አስታቅፈው ሸኙኝ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ። ከዚያ አንድ ወጣት የክትባት ባለሙያ ተነሥቶ ስለ እኔ ተናገረ። ደግ ልጅ ነው፤ ክፉ አላሰበም። «ጋሽ ሙላት በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመኑ ከትቦት በኩፍኝ የሞተ አንድም ልጅ የለም» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። በእጄ የያዝሁት ለስላሳ ጋቢው ላይ ፈሰሰ። ባለቤቴ ደስታ መስሏት ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ልጁ አልዋሸም፤ መዝገቡ የሚለውን ነው ያለው። መዝገቡ የማይላት ግን አንዲት ልጅ አለች። ስሟ ዘሀራ ይባል ነበር። እኔ ነኝ የከተብኋት፣ የሞተችውም በኩፍኝ ነው። ቤቴ ገብቼ ጥቂት ቀን ዝም ብዬ ተቀመጥሁና፣ ነገሩን እንደሆነው ለመጻፍ ወሰንሁ።

መጀመሪያ የተመደብሁት መቅደላ ወረዳ፣ ማሻ ነው። ከጤና ረዳትነት ትምህርት ገና መውጣቴ ነበር። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለቀለብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ስለ እሱ የማነሣው የለኝም። የሚነሣው አለቃዬ ነው። አቶ ይመር ይባላሉ፤ ሁላችንም ጋሽ ይመር ነበር የምንላቸው። ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሲራመዱ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ።

ጋሽ ይመር ጠዋት ክሊኒኩ ሲደርሱ ሰላም ከማለታቸው በፊት ማቀዝቀዣውን ይከፍታሉ። ቴርሞሜትሩን ያያሉ፤ በክር በታሰረችው እርሳስ ይጽፋሉ። ማታ ሊወጡ ሲሉም እንደዚሁ። ለዓመት በዓል እንኳ ከቤታቸው መጥተው ይጽፉ ነበር። ወደ ገጠር ስንወጣ በፕላስቲክ የታሸገውን በረዶ ከማቀዝቀዣ አውጥተው ወዲያው የክትባት ሳጥኑ ውስጥ አይከቱትም። ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ላብ እስኪያወጣ ይጠብቃሉ። ከዚያ አንዱን አንሥተው ጆሯቸው ሥር ነቅነቅ ያደርጉና ውስጡ ውኃ መንቀሳቀሱን ያዳምጣሉ። ገና ድንጋይ የሆነ በረዶ አንዳንዱን ክትባት አቀዝቅዞ ያበላሸዋል፤ ጨርሶ የቀለጠ ደግሞ ሌላውን በሙቀት ያበላሸዋል። «ጆሮህን አስለምደው» ይሉኝ ነበር።

ከሰው ጋር የሚሠሩትን ለመማር ግን ረዘም ያለ ጊዜ ፈጀብኝ። አንድ ቀን ከማሻ በታች ባለ መንደር አንዲት እናትን «ስንት ልጆች አሉሽ?» ብዬ ብጠይቃት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ቤት ገባችና በሩን ዘጋችው። እምቢ አለች ብዬ በመዝገቡ ልጽፍ ስል ጋሽ ይመር እጄን ያዙኝ።

«ምን ብለህ ነው የጠየቅሃት?»

«ስንት ልጆች እንዳሏት።»

«ልጅ እንደ በግ አይቆጠርም። ልጆቿን ልትቆጥርባት የመጣህ መስሏት ፈርታለች። የምታጠቢው ማን ይባላል በላት፤ ስሙን ስትነግርህ እሱን ትከትባለህ። ከዚያ የሱ ታላቅስ ማን ነው ትላለህ።»

ራሳቸው ሄደው ከደጅ ቆመው ጠየቋት። በሩ ተከፈተ። ሦስቱንም ልጆች አወጣቻቸው።

ሌላ ጊዜ አንዲት ወጣት እናት «ያመዋል?» አለችኝ። «ኧረ ምንም አይለውም» አልኋት። ሕፃኑ ጮኸ፣ ተከተበ፣ ሄዱ። ጋሽ ይመር ሲቆጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እዚያው መንገድ ላይ ቆመው «ለምን ዋሸሃት?» አሉኝ። «ገላው ሲተኩስ መርዝ ሰጠኝ ነው የምትለው። ዛሬ ያተኩሰዋል፣ ያለቅሳል፣ ጡት ስጪው፣ በሦስተኛው ቀን ካልተሻለው አምጪው በላት። እውነቱን ያወቀች እናት ትመለሳለች። ይኸው ነው ሥራችን።» ከዚያ እናትየዋን ከኋላዋ ጠርተው ያስተካከሉት እሳቸው ናቸው። እምቢ ያለ ወላጅ ሲገጥማቸውም አይከራከሩም ነበር። «የሚፈራው ለልጁ ነው፤ አንተም የመጣኸው ለልጁ ነው። ጠብ የላችሁም» ይሉኛል።

አንድ ሌላ ቀን ግማሽ ቀን ተጉዘን አንድ መንደር ደረስን። እናቶች ተሰብስበው ይጠብቁናል። ጋሽ ይመር ሳጥኑን ከፈቱ፣ በረዶውን በመዳፋቸው ጀርባ ነኩት፣ መልሰው ዘጉት። ቀልጧል። «እናቶቼ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ዛሬ መድኃኒቱ አይሆንም» አሉ። ሴቶቹ ተናደዱ። አንዷ የሰደበቻቸው ስድብ እዚህ አይጻፍም። እኔ በሐፍረት አንገቴን ደፋሁ፤ እሳቸው አልደፉም። በሳምንቱ ተመልሰን ሄድን፤ የሰደበቻቸውም ሴት ልጇን ይዛ መጣች።

ከማሻ ወደ መካነ ሰላም አካባቢ የተዛወርሁት ጋሽ ይመር ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ አገራቸው ኩታበር ከተመለሱ በኋላ ነው። የተመደብሁበት ጤና ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ስሙን አልጠራውም። የክትባት ክፍሉ ኃላፊ ግድግዳው ላይ የቀበሌዎች ሠንጠረዥ ለጥፎ ነበር። ጥሩ የሠራ ቀበሌ አረንጓዴ፣ የደከመ ቢጫ፣ እምቢ ያለ ቀይ ይቀባል። ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የምትወርደው ግራር አምባ እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ ቀይ ነበረች።

«ሃይማኖታቸው ነው» አለኝ ኃላፊው። «ሸሁ እሺ ካላለ አንዲት እናት አትመጣም። አንተ ከማሻ ስምህን ይዘህ መጥተሃል፤ እስቲ አሳየን።»

ወረድሁ። ሸህ ሁሴንን ያገኘኋቸው ከመስጊዱ አጠገብ ልጆች ቁርኣን ሲያስቀሩ ነው። ነጭ ጢማቸው አጭር፣ ዓይናቸው የሚመረምር ሽማግሌ ናቸው። አረፍ አልሁ፤ ማስቀራቱን እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኋቸው።

«ሃይማኖት ነው አሉህ አይደል?» አሉኝ። «ሃይማኖቱ አልከለከለም። ከዚህ በፊት ከታቢዎቹ አፋፉ ድረስ በመኪና መጥተው ወረዱ። ማይክ ይዘው ጮኹ። እናት አባት እርሻ ላይ ሳሉ ሜዳ ላይ ያገኙትን ልጅ ሁሉ ወግተው ሄዱ። የአንዱ ልጅ ክንድ መግል ቋጠረ፤ ሦስት ወር ተኛ። የወጋው ሰው ተመልሶ አላየውም። አንተ ብትሆን ሁለተኛ ትሰጣቸዋለህ?»

እኔ ይህን ሳልሰማ፣ የሕዝቡን ሃይማኖት ሳማ ነበር የወረድሁት። ደነገጥሁ።

ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ባዶ እጄን ተመለስሁ። የጠየቁኝን ሁሉ መለስሁ። ከምን ይሠራል፣ ሐራም ነገር አለበት ወይ፣ ደህና ልጅ ለምን ይወጋል። የማላውቀውን አላውቅም አልሁ። በሦስተኛው ሸህ ሁሴን እንዲህ አሉ፦

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከወጋኻቸው በኋላ አንድ ነገር ቢበላሽ ተመልሰህ ትነግረኛለህ?»

«እነግርዎታለሁ።»

«ወላሂ በል።»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ሸህ።»

ሣቁ። «እንግዲያ በእግዜር በል። እሱው ነው።»

ማልሁ። እሳቸውም የሚቀጥለው ሐሙስ እናቶችን ሊሰበስቡልኝ ቃል ገቡ። መጀመሪያ የምትከተበው የልጃቸው የከድጃ ልጅ፣ የአሥር ወሯ ዘሀራ እንደምትሆንም ነገሩኝ። የከድጃ ባል አልተስማማም ነበር። ከድጃ የአባቷን ቃል ይዛ ነው እሺ ያለችው።

ያ ሐሙስ ከመነሻው ተበላሸ። ገደሉ አፋፍ ድረስ ሊያደርሰን የነበረው መኪና ለሌላ ጉዳይ ተወሰደ። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከአስካለ ጋር መንገድ ዳር ሳጥኑን ይዘን ስንጠብቅ ረፋዱ አለፈ። በረዶውም ከወትሮው ያነሰ ነበር፤ ሌላ ቡድን ቀድሞ ወስዶታል። መኪናው እንደማይመጣ ሲገባን በእግር ወረድን። ከላይ ደጋው ቀዝቃዛ ነው፤ ቁልቁል በወረድሁ ቁጥር አየሩ እየሞቀ፣ የሳጥኑ ማንገቻ ከላቤ ጋር እየተጣበቀ ሄደ። ስንደርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች።

ከዛፎቹ ሥር ተሰብስበው ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ግራር አምባ ወጥታለች። ያዘሉ፣ ያቀፉ፣ በእጅ የሚመሩ እናቶች። ሸህ ሁሴን ቆመው ይጠብቁኛል። ከፊት ከድጃ፤ ጭኗ ላይ ዘሀራ፣ ጨርቅ በአፏ ይዛ። ራቅ ብሎ የከድጃ ባል እጁን አጣጥፎ ቆሞ ያያል።

ሳጥኑን ከፈትሁ። የበረዶው እሽጎች ሁሉ ለብ ያለ ውኃ ሆነዋል። ብልቃጦቹ ሞቀዋል። አንዱን አወጣሁ። የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ላይ ትንሽ ክብ ምልክት አለች፤ በመካከሏ ነጭ አራት ማዕዘን። ብልቃጡን ሙቀት በነካው ቁጥር ነጩ እየጠቆረ ይሄዳል። ከዙሪያው ክብ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ክትባቱ አልቆለታል ማለት ነው፤ ይጣላል። ያወጣሁት ጠቁሯል። ሁለተኛውን አየሁ፤ ጠቁሯል። ሁሉም ጠቁረዋል።

«በረዶው እንዴት ነው?» አለችኝ አስካለ ከኋላዬ።

ያን ቅጽበት ስንት ጊዜ መልሼ እንዳየሁት አልናገርም። ይቅርታ ጠይቄ መመለስ ነበረብኝ፤ ሲደረግ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን እነዚህ እናቶች ሁለተኛ አይሰበሰቡም ብዬ አሰብሁ። ሸህ ሁሴን ሕዝብ ፊት ያፍራሉ ብዬ አሰብሁ። የከድጃ ባል ይሥቃል ብዬ አሰብሁ። ሁሉም ሰበብ ነው። ቀዩን ግራር አምባ አረንጓዴ ያደረገው እኔ ነኝ መባልን ፈለግሁ። ምልክቷን በአውራ ጣቴ ሸፈንኋት።

«ደህና ነው» አልሁ።

ዱቄቱን በማቅጠኛው ውኃ በጠበጥሁ። የዘሀራን የግራ ክንድ ያዝሁ። አለቀሰች፤ ከድጃ ጡት ሰጠቻት፤ ዝም አለች። «ዛሬ ያተኩሳታል» አልኋት። ያም ውሸት ነበር፤ የሞተ ክትባት አያተኩስም። ያን ቀን የመጣውን ልጅ ሁሉ ወጋሁ። ካርድ ሞላሁ፣ ፈረምሁ። ሸህ ሁሴን ዱዓ አደረጉልኝ። የማሽላ ቂጣ በወተት አበሉኝ፤ በላሁ።

ኃላፊው ግራር አምባን አረንጓዴ ቀባት። በስብሰባ ላይ ስሜ ተጠራ።

ሁለት ክረምት አለፈ። ከዚያ ኩፍኝ ከወንዝ ማዶ ተነሥቶ ወደ እኛ ተሻገረ። አንድ ጠዋት ተረኛ ሆኜ ሳለ ሁለት ሰዎች በበቅሎ ልጅ ይዘው ግቢ ገቡ። ሸህ ሁሴንና ከድጃ ናቸው። ዘሀራ እናቷ ደረት ላይ ናት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷ በሽፍታ ተሸፍኗል፤ ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ ወደ ውስጥ ይሠረጉዳል። ኩፍኙ ሳንባዋ ገብቷል።

ኦክሲጅን ሰጠናት፣ መድኃኒት ጀመርንላት። ሐኪሙ ከእሷ አልተለየም። እኩለ ቀን ሳይሆን ዘሀራ ሞተች።

ከድጃ አልጮኸችም። ከጉያዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ካርዱ ነው። ከፍታ ፊርማዬን አሳየችኝ።

«ዶክተር፣ ይኸው እኮ» አለች። እዚያ አገር የጤና ባለሙያ ሁሉ ዶክተር ነው። «ተወግታለች እኮ። ይኸው አንተ ጽፈሃል።»

ካርዱን መልሳ በላስቲኩ ጠቀለለችው።

«የጎረቤት ልጆች ኩፍኝ ወጣባቸው። ያላስወጉ እናቶች ልጆቻቸውን ቤት ከተቱ። እኔ ግን ከነሱ ጋር ስትጫወት ተይ አላልኋትም። ተወግታለች ብዬ። ሲያተኩሳት ሙቀት ነው አልሁ። ሽፍታው ሲወጣ ሌላ ነው አልሁ። ኩፍኝ አይሆንም፣ ካርድ አላት አልሁ። ወላሂ፣ ካርዱን ነው ያመንሁት።»

በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። ክትባቱ አልጠበቃትም፤ ይኼ አንድ ነገር ነው። የጻፍሁት ካርድ ግን እናቷን ከመጠንቀቅ አግዷታል። ባልከትባት ኖሮ እንደ ሌሎቹ ቤት ትከታት፣ ቶሎ ታመጣት ነበር።

«አንዳንዴ ተከትቦም ላይዝ ይችላል» አልኋት። ይህ በእውነትም የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ስለዚህ ለውሸት ተመቸኝ። ሸህ ሁሴን ረጅም ጊዜ አዩኝ። ልጅቱን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወጡ።

በሳምንቱ ኃላፊው የሞት ሪፖርት አቀረበልኝ። ምክንያቱ ላይ «በወላጅ እምቢተኝነት ሳትከተብ የቀረች» ይላል።

«ተከትባለች እኮ» አልሁ።

«ካርዱ አለህ?»

«እናቷ ጋ ነው።»

«እንግዲያ የለህም። የተከተበ ልጅ ሞተ ካልን ጥያቄው ወደኛ ነው የሚመጣው፤ ፍሪጁ፣ መኪናው፣ አንተ። ያ ቀበሌ ድሮም እምቢተኛ ነው፤ ማንም አይገረምም። ፈርም።»

ፈረምሁ። ዘሀራን ለሁለተኛ ጊዜ የበደልኋት ያን ጊዜ ነው። አሁን ደግሞ እናቷንም ጨምሬ።

ከዚያ በኋላ እህል አልዋጥልህ አለኝ። ፈቃድ ወስጄ ደሴ፣ ከደሴ ኩታበር ሄድሁ። ጋሽ ይመር በጣም አርጅተዋል፤ ከደጃቸው ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። እንዲያውም እንዲሰድቡኝ ነበር የሄድሁት።

ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ «ሌሎቹስ?» አሉኝ።

«የትኞቹ ሌሎች?»

«ያን ቀን የወጋሃቸው ልጆች። ወረርሽኙ ያዛቸው?»

«የለም፤ ሸህ ሁሴን ሰፈር ያልተከተቡ ጥቂት ልጆች ይዞ ቆመ።»

«እንግዲያ ሁሉም ካርድ ይዘው ተቀምጠዋል በለኛ። እናቶቻቸው ተከትበዋል ብለው፣ እንደዚያች ልጅ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ እዚህ የመጣኸው ለራስህ ልታለቅስ ነው?»

ሁለት ወር ሙሉ ስብሰለሰል ስለ ራሴ ጥፋት ነበር የማስበው። እነዚያ ሁሉ ሕፃናት ባዶ ክንዳቸውን ይዘው እንደቀሩ አንድም ቀን አልታየኝም። የክትባት ሠራተኛ ነኝ እያልሁ! ቤት ግባ፣ እህል ቅመስ ሳይሉኝ ጋሽ ይመር «ሂድ፣ መኪና ሳያመልጥህ» አሉኝ።

ከመካነ ሰላም ብቻዬን ግራር አምባ ወረድሁ። ሸህ ሁሴን መስጊዱ አጠገብ ነበሩ፤ ፊታቸው ያሉት ልጆች ቁጥር ግን ድሮ ካየሁት እጅግ ያነሰ ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን አስቀርተውባቸዋል፤ ለመርፌው ያግባቧቸው እሳቸው ናቸውና። ቁጭ ሳልል ነገርኋቸው። በረዶው ቀልጦ እንደነበር፣ ምልክቷን ማየቴን፣ በጣቴ መሸፈኔን፣ በወረቀቱ ላይ መፈረሜን።

«ምለህልኝ ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«በእግዜር ስም።»

«አዎ፣ ሸህ።»

ይመቱኛል ብዬ አሰብሁ፤ ቢመቱኝ ደስ ባለኝ። ተነሥተው «ና» አሉኝና ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ከድጃ እዚያ ነበረች። ባሏ ፈትቷታል። «አንቺና አባትሽ ልጄን ገደላችሁ» ብሎ ከልጅቱ አርባ በኋላ ላካት። ይህን አላውቅም ነበር። ሌላ ድንጋጤ።

«ድገምላት» አሉኝ ሸህ ሁሴን። ደገምሁላት።

ከድጃ እያየችኝ ቆየች። «እኔ እኮ መድኃኒቱን ያበላሸሁባት እኔ ነኝ ብዬ ነበር» አለች። «ያን ቀን ከመርፌው በኋላ ገላዋን አጥቤያታለሁ። አማቴ በሱ ነው አለችኝ። መድኃኒቱን አጥበሽ አወጣሽው አለችኝ። ይኸን ሁሉ ጊዜ ያጠብኋት እጄ ነው የገደላት እያልሁ...» እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኻ አለቀሰች።

ከዚያ ቀን በኋላ ስንት ሰው ይቅር ቢለኝም ያ ልቅሶ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሸህ ሁሴን ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሕዝቡ ፊት አቆሙኝ። «ይኼ ሰው የሚለው አለው፤ ሳትናገሩ ስሙት» አሉ። ተናገርሁ። ድንጋይ ያነሣ ነበር፤ አስጣሉት። አንድ አባት «ውሻ!» አለኝ፤ እውነት አለው። የከድጃ የቀድሞ ባል ከኋላ ቆሞ ነበር። ስጨርስ ወደ ፊት ሳይመጣ፣ ማንንም ሳያይ ወጥቶ ሄደ። ከዚያ አንዲት አሮጊት ተነሡ። «አሁን ታዲያ ልጆቹ ምን ይሁኑ?» አሉ።

«እንደገና መከተብ አለባቸው» አልሁ። «እኔን ካላመናችሁ ሌላ ሰው ይምጣ። ግን ይከተቡ።»

በሳምንቱ አስካለ ከሌላ ባለሙያ ጋር ወረደች፤ በበቅሎ፣ በማለዳ፣ ሳጥኑ በበረዶ ሞልቶ። እኔ ሳጥኑን አልነካሁም፤ ካርድ እጽፍ ነበር። ግማሹ እናት መጣ፣ ግማሹ አልመጣም። ያልመጡትን ሸህ ሁሴን ቤት ለቤት ዞሩላቸው። ከድጃም አብራቸው ሄደች። ልጇን የቀበረች ሴት በየደጁ ቆማ «አስከትቡ» ስትል እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ። በሦስት ተመላላሽ ቀን ያን ሐሙስ የወጋኋቸው ልጆች በሙሉ ተከተቡ። የዚያን ሐሙስ ካርዶች ሰብስበን ቀደድናቸው።

ለቢሮው በራሴ እጅ ጥፋቴን ጽፌ አስገባሁ። ኃላፊው ሲያነበው ፊቱ ገረጣ። ከደረጃዬ ዝቅ ተደረግሁ፤ ወደ አቀስታም ተዛወርሁ። በዚያ አልከፋኝም። ያ ሪፖርት ግን አልታረመም። «ያለፈ ነው» ተባልሁ። ዘሀራ እስከ ዛሬ በወረቀት ላይ ያልተከተበች ናት፤ ወላጆቿም እምቢተኞች። ለሽኝቴ የተናገረው ወጣት ያን ነው ያነበበው።

አቀስታ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ብርዱ ከባድ ነው፤ ለክትባት ግን ተስማሚ አገር ነው። ጋሽ ይመር በዚያ ጊዜ አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ደረስሁ። ኩፍኝም አንድ ጊዜ ዓባይ በረሃን ዳግመኛ አዳርሶ ነበር። አስካለ በስልክ ደውላ ከግራር አምባ የሞተ ልጅ እንደሌለ ስትነግረኝ ስልኩን ይዤ ግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ።

ከዚያ አንድ የገበያ ቀን፣ ክፍሉ በእናቶች ተሞልቶ ሳለ፣ ቀና ስል ከድጃን አየኋት። በወፍራም ፎጣ የተጠቀለለ ሕፃን ታቅፋለች። መጀመሪያ የመሰለኝ አንድ ሌላ ልጅ ሞቶ ልትነግረኝ መምጣቷ ነው። እጄ ሥራ አቆመ።

«ሰላም ነው?» አልኋት።

«አልሐምዱሊላህ። ሌላ ባል አግብቻለሁ። ይኼ ልጄ ነው። ዘጠኝ ወሩ ነው።»

ከግራር አምባ አፋፍ ድረስ በእግር፣ ከመካነ ሰላም አቀስታ በሚኒባስ መምጣቷ ነው። በደጃቸው ጤና ኬላ አለ። መካነ ሰላም ሙሉ ሆስፒታል አለ።

«ምነው እዚህ ድረስ?» አልሁ። «እዚያው ይከተብ ነበር እኮ። ከእኔ የተሻሉ ሰዎች አሉ።»

«ይኖሩ ይሆናል» አለች። «ቢያጠፉ እንደሚነግሩኝ ግን አላውቅም። አንተን አውቅሃለሁ።»

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ጫጫታ ሁሉ የጠፋ መሰለኝ። ልጇን የነጠቃትን እጄን ለሌላው ልጇ ፈልጋ ስትመጣ ምን ይባላል? ያ ቃል አይገባኝም ማለት ፈለግሁ። እሷ ግን መልስ አልጠበቀችም። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፣ ፎጣውን ፈታች፣ የልጁን የግራ እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበችና ክንዱን ወደ እኔ ዘረጋችው።